ከመጽሐፍ ወደ ስልክ ስለ ተሻገረው ጨዋታ

ሰው ሁሉ ከሥራው በኋላ ዕረፍት፥ ከዕረፍቱም ጋር ጨዋታ ያስፈልገዋል። ጨዋታ የሌለበት ቤት እሳት እንዳልነደደበት ምድጃ ነው፤ ልጆቹ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንናገር ያሰብነው ስለ ጨዋታ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ በአፍ ይነገር የነበረው፥ ኋላም በመጽሐፍ የታተመው፥ አሁን ደግሞ በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ የገባው ጨዋታ እንዴት እንደ ተሻገረ፥ በመሻገሩም ምን እንዳገኘንና ምን እንዳጣን ለመመርመር ነው። ነገሩ የሕፃናት ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች ይኖራሉ፤ ነገር ግን ልጁ የሚጫወተውን ያላወቀ ወላጅ ልጁ የሚያስበውን ሊያውቅ አይችልም።

በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ በዓል ልጆቻችንን ይዘን ከቢቸና ወደ ሞጣ፥ ወደ እናታችን ቤት ሄደን ነበር። አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅታችን ልጅም እንደ እኛው ለበዓል መጥቶ ነበር። ዶሮው ተበልቶ፥ ቡናውም ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፥ ልጁ ከሻንጣው በሲባጎ የታሰረ የወረቀት ጥራዝ አወጣና በመሶቡ ጎን አኖረው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፥ ሕግና ደንብ የሞላበት፥ ወደ 400 ገጽ የሚሆን ነበር። እኛ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ብዙ ዘመን ያሳለፍን ስለ ሆንን የሕግ ጥራዝ ባየን ጊዜ እጃችን ሳናዝዘው ይዘረጋል፤ አንሥተንም ብናነበው የጨዋታ ሕግ ሆኖ አገኘነው።

የጨዋታው አኳኋን እንዲህ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ ዳኛው ለማንም አያደላም፥ ለራሱም አሸናፊነትን አይፈልግም፤ ሥራው አገሩን፥ መንገዱንና የሚያጋጥመውን ነገር መተረክ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ባሕርይ ይለብሳሉ፤ የዚያም ሰው ስሙ፥ ጕልበቱ፥ ዕውቀቱና ንብረቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ዳኛው «እነሆ ከወንዙ ዳር ደረሳችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነርሱም ያሰቡትን ይናገራሉ። የተናገሩት አጠራጣሪ የሆነ እንደ ሆነ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣው የሚጣለው 20 ገጽ ባለው፥ በየገጹም ቍጥር በተጻፈበት ጠጠር ነው። ቍጥሩ ከበዛ ያሰቡት ይሳካል፥ ካነሰ ይከሽፋል። ተረቱም እንዲህ እየተባለ፥ መጨረሻው ለማንም ሳይታወቅ፥ በሁሉም አፍ እየተሠራ ይሄዳል።

በዚያች ሌሊት ሞጣ ላይ ባለ 20 ገጽ ጠጠር አልነበረም። ስለዚህ ልጆቹ ከ1 እስከ 20 በቍራጭ ወረቀት ጽፈው፥ ጠቅልለው በቡና ሲኒ ውስጥ ጨመሩትና እያወጡ ተጫወቱ። ኋላ እንደ ተረዳነው የጨዋታው አሳታሚዎች ራሳቸው በፈረንጆች 1979 ጠጠሩ ባጠረባቸው ጊዜ ቍጥር የታተመበት ቍራጭ ወረቀት በየሣጥኑ ከትተው ሸጠዋል፤ እንግዲህ ልጆቻችን ሳያውቁት የእነርሱን ብልኀት ደገሙት ማለት ነው።

ዳኛ የሆነው የእኅታችን ልጅ የፈረንጆቹን ዘንዶና ጠንቋይ ትቶ ነገሩን ወደ ሰባራ ድልድይ አመጣው። ሰባራ ድልድይ በዐሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት በዐባይ ላይ የተሠራና በጠላት ወረራ ዘመን የተሰበረ ድልድይ መሆኑን፥ ከዚያም በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት እንደ ነበር የሞጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። በጨዋታው ሴት ልጃችን የአሞሌ ጨው ነጋዴ ሆነች፤ ወንዱ ልጃችን ደበሎ የለበሰ፥ አኩፋዳ ያነገተ የቅኔ ተማሪ ሆነ፤ የእኅታችን ታናሹ ልጅ ደግሞ መንገደኛ የሚያሻግር ዋናተኛ ሆነ። ሦስቱም ማኅተም ያለበት የፍርድ ወረቀት ተሸክመው፥ ክረምቱ ሳይገባና ዐባይ ሳይሞላ ወደ በጌምድር እንዲያሻግሩ ታዘዙ። ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ ማንም አልተኛም።

እናታችን ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው «አንተ ልጄ፥ ይኸን ለመማር ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድኸው? ይህማ እንቆቅልሽ ነው፤ እኛስ አገር ስንሰጥና ስንቀበል አልነበረም ወይ?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ነገራቸውን ባሰብነው ጊዜ እውነት ሆኖ አገኘነው።

በእንቆቅልሽ መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎጃምን ወይም ጎንደርን የሰጠ እንደ ሆነ ጠያቂው በዚያ አገር ገዥ ሆኖ ይገባል፤ ያልበላውን እንደ በላ፥ ያልጠጣውን እንደ ጠጣ ይተርካል፤ አገሩን በሰጠው ላይም ያላግጣል። ይህም በቃል ብቻ የሚሠራ፥ ሰው ያልሆነውን ሆኖ የሚናገርበት ጨዋታ ነው። እንዲሁም አያታችን ልጆች ሳሉ የችሎት ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር ይነግሩን ነበር፤ አንዱ ከሳሽ፥ አንዱ ተከሳሽ፥ አንዱ ዳኛ ሆኖ፥ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው እንደ ቁራኛ ተሳስረው፥ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። ማሩም በቅሎውም በአፍ ብቻ የነበረ ነው፤ የንግግሩ ብልኀት ግን እውነተኛ ነበረ፤ ከዚያ ጨዋታ የወጣ ልጅ ኋላ በዳኛ ፊት ቆሞ አይንተባተብም።

በዲማም ሆነ በሌላው የጎጃም ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር አለው። ቅኔ ለዕለቱ ተቈጥሮ ለዕለቱ የሚነገር ነው፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ የራሱ አድርጎ የሚደግም ተማሪ ያፍራል። የተረት ጨዋታውም እንደዚሁ አንዲት ሌሊት የተባለው ዳግመኛ በዚያው መልክ አይባልም። ስለዚህ ጨዋታውን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብለን ልንደነግጥበት አይገባም፤ ዘመዱ በቤታችን አለ።

እንግዲህ ይህ የፈረንጆቹ ጨዋታ ወደ መጽሐፍ የገባው እንዴት እንደ ሆነ እንናገር። በአሜሪካ አገር ካርታና የእርሳስ ወታደር ደርድረው የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም ዴቭ አርነሰን የሚባለው ሰው እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት ማዘዙን ትቶ የአንድ ሰው ባሕርይ እንዲይዝ አደረገ። ጋሪ ጋይጋክስ የሚባለውም ከእርሱ ጋር ሆኖ ሕጉን ጻፈ። በፈረንጆች 1974 ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም ታተሙ፤ ትርጓሜውም የምድር ውስጥ እስር ቤትና ዘንዶ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የታተመው 1,000 ሣጥን ብቻ ነበር። ከዚያም ሣጥኑ ወፍራም መጽሐፍ ሆነ፥ መጽሐፉም ብዙ መጻሕፍትን ወለደ። በ1997 የጨዋታው ባለቤት የነበረውን ማኅበር ሌላ ማኅበር ገዛው፤ እርሱንም በ1999 ሀስብሮ የሚባለው ታላቅ የመጫወቻ ነጋዴ ገዛው።

መጽሐፉ ጌጠኛ ቢሆንም ዋጋው ውድ፥ ሸክሙም ከባድ ነበር፤ ከዚያም የባሰው ተጫዋቾቹ በአንድ ከተማ ካልኖሩ ጨዋታው የማይሆን መሆኑ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት በተስፋፉ ጊዜ ጨዋታው ወደዚያ ተሻገረ። መጀመሪያ መጽሐፉ ገጽ በገጽ ተቀድቶ በኮምፒዩተር የሚነበብ ሆነ። በ2012 ሮል ትዌንቲ የሚባል ድረ ገጽ ተከፈተ፤ በዚያም በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች አንዱን ካርታ በየፊታቸው እያዩ፥ ድምፃቸውን እየተሰማሙ፥ ዕጣውንም መሣሪያው እየጣለላቸው ይጫወታሉ። በ2017 ደግሞ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የሚባል ሌላ ድረ ገጽ ወጣ፤ እርሱም የሕጉን መጽሐፍ በመስመር ላይ የሚሸጥ፥ የተጫዋቹንም መዝገብ የሚጠብቅና ሒሳቡን የሚያሰላ ነው። ይህንን ድረ ገጽ ሀስብሮ በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2020 የኮሮና ሕመም ሰውን ሁሉ በየቤቱ በዘጋ ጊዜም ወዳጆቻቸውን በዚህ መንገድ ያገኙ ብዙዎች ናቸው።

የመሻገሩ ጥቅም ግልጽ ነው። ዕውሩ ሕጉን በድምፅ ይሰማዋል፤ በሩቅ አገር ያለው ስደተኛ ከወንድሙ ጋር ይጫወታል፤ ገንዘብ የሌለውም ተማሪ ያለ ዋጋ ያነባል። በተለይ ይህ የመጨረሻው ለእኛ ታላቅ ነገር ነው። የጨዋታው ባለቤቶች በ2000 ሰጥተውት የነበረውን ክፍት ፈቃድ በ2023 መጀመሪያ ሊለውጡ አስበው ነበር፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ድምፅ በተቃወሙ ጊዜ ግን አሳባቸውን ትተው፥ ዋናውን የሕግ ክፍል ምንጩን ለሚጠቅስ ሰው ሁሉ ለመቅዳት፥ ለመተርጐምና ለማሳተም የተፈቀደ፥ ወደ ኋላም የማይመለስ አድርገው አወጡት። የእኅታችን ልጅ በሲባጎ አስሮ ያመጣው ጥራዝ ይኸው ነበር። እንግዲህ አንድ ትጉህ ሰው ወደ አማርኛ ሊመልሰው ቢወድ የሚከለክለው የለም ማለት ነው።

ጕዳቱንም መሸሸግ አይገባም። መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉ የእርሱ ነው፤ ያውሰዋል፥ ይሸጠዋል፥ ለልጁ ያወርሰዋል። በድረ ገጽ የገዛ ሰው ግን የገዛው መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃድን ነው፤ ፈቃድም በሰጪው እጅ ያለ ነገር ነው። በሚያዝያ 2009 በፈረንጆች አሳታሚው የተቀዱትን መጻሕፍት መሸጥ ባንድ ጊዜ አቆመ፤ አስቀድመው የገዙትም ሰዎች ከሱቁ እንደ ገና ለማውረድ ተከለከሉ። ሽያጩ የተመለሰው በ2013 ነበር። በነሐሴ 2024 ደግሞ አዲሱ ሕግ ሊወጣ በቀረበ ጊዜ በዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ላይ በየተጫዋቹ መዝገብ ያለው አሮጌው ሕግ በአዲሱ እንደሚተካ ተነገረ፤ ጩኸት በበዛ ጊዜም በጥቂት ቀን ውስጥ ነገሩ ተሻረ። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ግን ሰው ተኝቶ ሳለ ቃሉን አይለውጥም።

እኛም ይህንን በቤታችን አየነው። ከፋሲካ በኋላ የእኅታችን ልጅ «ሁሉ በስልክ ስላለ ወረቀቱ አያስፈልጋችሁም» ብሎ ጥራዙን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ልጆቹም ቢቸናና ሞጣ ሆነው፥ እርሱ አዲስ አበባ ሆኖ፥ እሑድ እሑድ በስልክ ይጫወቱ ጀመር። የነጋዴዋ ጨው፥ የተማሪው ትምህርት፥ የዋናተኛው ገመድ ሁሉ በድረ ገጹ መዝገብ ላይ ተጻፈ። የማኅተሙ ወረቀት ዐባይ ዳር ደርሶ ነበር። ክረምትም በገባ ጊዜ ልጆቻችን ትምህርት ስለ ተዘጋ ሞጣ ወደ አያታቸው ሄዱ።

በዚያው ክረምት፥ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠ፤ እስከ ብዙ ወራትም አልተመለሰም። ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበር፤ ስለ ጨዋታ የሚያስብ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም። ነገር ግን ልጅ የሚፈራው ነገር ሲበዛ ጨዋታን አብልጦ ይፈልጋል። ሦስቱ ልጆች በአንድ ቤት ተቀምጠው፥ ስልኩ በእጃቸው እያለ፥ መዝገባቸውን ግን ማየት አልቻሉም። ስንት አሞሌ ጨው እንደ ቀረ፥ በቅሎዋ የማን እንደ ሆነች፥ የፍርዱ ወረቀት በማን እጅ እንደ ነበረ ማንም አላወቀም። ወንዱ ልጃችን «ወረቀቱ በእኔ አኩፋዳ ውስጥ ነው» አለ፤ የአክስቱ ልጅ ደግሞ «እንዳይረጥብ ብለህ ለእኔ ሰጥተኸኛል» አለው። ነገሩ ወደ ጠብ ደረሰ።

በዚህን ጊዜ የፈረዱት እናታችን ነበሩ። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም፤ እሑድ እሑድ ግን ጥጥ እየፈተሉ፥ ከስልኩ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ ይሰሙ ነበር። «ወረቀቱን ለዋናተኛው የሰጠኸው ከደብረ ወርቅ የመጡት ነጋዴዎች ያደሩበት ሌሊት ነው፤ ሰም ለቅልቀህ ሰጠኸው፤ በቅሎዋም የእኅትህ ናት፥ በሦስት አሞሌ ገዝታታለች» አሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንድ ቃል አልጐደለም ነበር። ከዚያም ሴት ልጃችን የትምህርት ደብተሯን ከኋላ ገልብጣ፥ አያቷ የሚሉትን እየጻፈች፥ ወንድሞቿም የሚያስታውሱትን እየጨመሩ፥ መዝገቡን እንደ ገና ሠሩት። ሕጉንም ያስታወሱትን ያህል በአማርኛ ጻፉት፤ ያላስታወሱትንም በስምምነት አወጡት። የቡና ሲኒዋም ተመለሰች፥ ዳኝነቱም በየተራ ሆነ።

እኛ ወደ ሞጣ ስንደርስ ደብተሩን በዐይናችን አየነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አያታችን እንደ መሰከሩት» የሚል ተጽፎበታል። ብዙ መዝገብ በእጃችን አልፏል፤ እንደዚያ ያለ የምስክር ቃል ግን ያየንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሕፃናቱ የፍርዱን ወረቀት ዐባይን አሻግረውት ነበር። ዋናተኛው ግን ዕጣው 2 ወጥቶበት ገመዱን ስቶ በወንዙ ተወሰደ፤ ተጫዋቹም ልጅ አልቅሶ አደረ፤ በማግሥቱ የዋናተኛው ወንድም ሆኖ ገባ።

ኋላ መስመሩ በተመለሰ ጊዜ የድሮው መዝገብ በድረ ገጹ ላይ እንዳለ ተገኘ። በዚያ ግን ዋናተኛው በሕይወት አለ፥ በቅሎዋም ገና አልተገዛችም። የእኅታችን ልጅ «የትኛው ይጽና?» ብሎ ከአዲስ አበባ ደውሎ ጠየቀ። ዋናተኛው የሞተበት ልጅ ዝም ብሎ ቆየና «ደብተሩ ይጽና» አለ። ይህንን በሰማን ጊዜ ልባችን ተነካ፤ ሙቱን ማዳን በእጁ ሳለ እውነቱን መርጧልና።

ከዚህም በመነሣት ስለ ራሳችን ጨዋታዎች ልናስብ ይገባል። ሰንጠረዥ የሚባለው ያገራችን ጨዋታ ከዓለም ሰንጠረዥ የሚለይበት ሕግ ነበረው፤ መጀመሪያ አንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ወደዱ እየተንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። ዛሬ ይህንን የሚጫወት ሰው በብርቱ ይፈለጋል። ያገራችንን ጨዋታዎች በመጽሐፍ ካኖሩልን መካከል በጎጃም የነበረው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል አንዱ ነው፤ መጽሐፉም በፈረንጆች 1935 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ሰንጠረዥ ጽፈዋል። በዘመናችን ደግሞ አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ገበጣን፥ እንዲሁም ኩኩሉ የሚባለውን ጨዋታ ለስልክ ሠርቷል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን በስልክ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን በእጁ አይቈጥርም፤ መሣሪያው ይቈጥርለታል፤ የገበጣ ትምህርት ደግሞ ቈጠራው ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ምን እናድርግ? ስልኩን እንጣለው ማለታችን አይደለም፤ የራቀውን የሚያቀርብ እርሱ ነውና። የሚሻለው በመዝገብ ቤት እንደምናደርገው ማድረግ ነው፤ ዋናውን በእጃችን፥ ግልባጩን በሌላ ስፍራ እናኑር። ልጆቻችን በስልክ የሚጫወቱት ጨዋታ ቢኖር ሕጉን በደብተር ይጻፉት፤ የደረሱበትንም በየጊዜው ይመዝግቡት። በሳምንት አንዲት ሌሊት ስልኩ ተዘግቶ ጨዋታው በምድጃው ዳር ይሁን። ከሁሉም በላይ አያቶች ባሉበት ይጫወቱ፤ የማይጻፈውን የሚጠብቅ ጆሮ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው።

ያ ደብተር ዛሬ በሞጣ በእናታችን ሣጥን ውስጥ፥ ከርስታቸው ወረቀትና ከጥምቀታችን ምስክር ጋር ተቀምጧል። ስናየው ስቀን «ይህ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋል?» ብንላቸው «ሁሉም የልጆቼ ነገር ነው፤ ባንድ ይቀመጥ» ብለው ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጠሩት።